አዲሱ አሰልጣኝ ይቆይ ወይስ ይሂድ? ክርክሩን በወጉ ማካሄድ እንዴት ይቻላል

አዲስ አሰልጣኝ የቀጠረ ክለብ ሦስት ጨዋታ በተከታታይ ሲሸነፍ፣ ሀዋሳ ውስጥ ከፒያሳ እስከ ዓሣ ገበያው አሞራ ገደል ያለው ጠረጴዛ ሁሉ ለሁለት ይከፈላል። «ይቆይ» ባዩ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላል። «ይሂድ» ባዩ «ሳይቃጠል በቅጠል» ብሎ ይመልስለታል። ሁለቱም አባባል ልክ ስለሆነ የሚረታ የለም፤ ዓሣው ሲያልቅ ክርክሩም ያልቃል፣ በሚቀጥለው ሳምንትም ከዚያው ከነበረበት ይጀመራል። ክለቡ ሀዋሳ ከተማ ይሁን ሲዳማ ቡና፣ ወይም በቴሌቪዥን ብቻ የምታውቁት አርሰናል፣ ጨዋታው ይለያያል እንጂ ጭቅጭቁ አንድ ነው።

ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ጭቅጭቁን ወደ አንድ መደምደሚያ ለማድረስ የሚረዳ ነው። የሚያስፈልገው አንድ ደብተርና ቢያንስ አንድ የማይስማማችሁ ሰው ነው። ሁላችሁም በአንድ ሐሳብ ከሆናችሁ ይህን ማንበብ ትታችሁ ቡናችሁን ጠጡ። በነገራችን ላይ፣ የውጭ ክለቦችን ዓመታት በእነሱ አቆጣጠር፣ የእኛን በእኛ እጽፋለሁ።

1. ምን ተቀብሎ እንደመጣ ጻፉ

በመጀመሪያው ገጽ ላይ ውጤት አይጻፍም። የሚጻፈው አሰልጣኙ መቼ እንደመጣ፣ ቡድኑ ያን ጊዜ ስንተኛ እንደነበር፣ ተጫዋቾቹን ማን እንዳስፈረማቸውና ክለቡ ሲቀጥረው ምን እንዲሠራ እንደነገረው ነው። ሦስቱ በቀላሉ ይገኛሉ። መጨረሻው ላይ ግን ጠረጴዛው ጸጥ ይላል። ከዚያ አንዱ «ዋንጫ» ይላል፣ ሌላው «ከመውረድ መትረፍ»፣ ሌላው «ወጣቶችን ማሳደግ»። ብዙ ጊዜ ግማሹ ክርክር እዚህ ላይ ይፈታል፤ በአንድ ሰው የተጣሉ የመሰላቸው ሰዎች የሚከራከሩት ስለ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች እንደነበር ይገባቸዋል።

አንጅ ፖስቴኮግሉን አስቡት። በ2025 ቶተንሃምን የዩሮፓ ሊግ ሻምፒዮን አደረገ፤ በፕሪሚየር ሊጉ ግን 17ኛ ሆኖ ጨረሰ። ዋንጫውን ባነሳ በ16ኛው ቀን ተሰናበተ። የተቀጠረው ለዋንጫ ከሆነ ግፍ ተፈጽሞበታል፣ ለደረጃ ከሆነ ደግሞ ማንም ሊያዝንለት አይችልም። የ1996 እና የ1999 ዓ.ም. የሊግ ዋንጫዎችን በዓይናቸው ያዩ የሀዋሳ ከተማ ደጋፊዎችና ከዚያ በኋላ የተወለዱት ልጆች የማይግባቡትም በከፊል በዚሁ ምክንያት ነው። ታላቁ አሰልጣኙን የሚለካው በዋንጫ ነው፤ ታናሹ ቡድኑ በሊጉ መሃል ላይ ሲቀመጥ ይተኛል።

የመጣበትን ጊዜም በቀላሉ አትለፉት። በክረምት ዝግጅት የጀመረ አሰልጣኝና በውድድሩ መሃል የሌላ ሰው ቡድን የተረከበ አሰልጣኝ በአንድ ሚዛን አይመዘኑም። የርገን ክሎፕ ሊቨርፑልን በጥቅምት 2015 ተረክቦ በዚያ ዓመት 8ኛ ነው የጨረሰው።

2. ጨዋታዎቹን አንድ በአንድ ዘርዝሩ

ዋናው ሥራ ይህ ነው፤ ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አውሉ። ለእያንዳንዱ ጨዋታ አንድ መስመር ያዙ። ተጋጣሚው ማን ነበር? በጉዳት ወይም በቅጣት ያልተሰለፈው ማን ነው? ቡድናችሁ ስንት ግልጽ የጎል ዕድል ፈጠረ፣ ስንትስ ለተጋጣሚው ሰጠ? አሰልጣኙ በዕረፍት ሰዓት ወይም በቅያሪ ምን ለወጠ፣ ጨዋታውስ ከዚያ በኋላ ወዴት ዞረ? ውጤቱን መጨረሻ ላይ፣ በትንሽ ፊደል ጻፉት።

ግልጽ ዕድሎችን ሁለት ሰዎች ሳይነጋገሩ ይቁጠሩ፤ አንዱ ከ«ይቆይ»፣ አንዱ ከ«ይሂድ» ወገን። ግልጽ ዕድል ማለት አጥቂው በሳጥኑ ውስጥ፣ ከፊቱ ግብ ጠባቂው ብቻ ወይም ከዚያ ብዙም ያልበለጠ ሰው ቆሞ የመታው ኳስ ነው ብላችሁ ከጨዋታው በፊት ተስማሙ። ሁለቱ ቆጣሪዎች በአንድ ወይም በሁለት ቢለያዩ ችግር የለም። አንዱ ሰባት፣ ሌላው ሁለት ካለ ግን ከሁለቱ አንዳቸው ጨዋታውን ሳይሆን ምኞታቸውን ነው ያዩት።

በአውሮፓ ይህንን ቆጠራ ኮምፒውተር ይሠራዋል፤ «የሚጠበቅ ጎል» ይሉታል። እያንዳንዱ ሙከራ ከተመታበት ቦታና ሁኔታ ተነስቶ ጎል የመሆን ዕድሉ ከ0 እስከ 1 ባለው ቁጥር ይሰጠዋል። ፍጹም ቅጣት ምት ወደ 0.78 ይጠጋል፤ ከሳጥን ውጭ ከሩቅ የሚለጋ ኳስ ብዙ ጊዜ 0.05 እንኳ አይሞላም። አሥር ጊዜ ከሩቅ ለግቶ «ዕድል አጣን» የሚል ቡድን ዕድል አላጣም ማለት ነው። ለእኛ ሊግ ጨዋታዎች እንዲህ ያለ ቁጥር በቀላሉ ስለማይገኝ ደብተሩ ምትክ ይሆናል። ኳስ የመቆጣጠር መቶኛን ግን ባትጽፉት ይሻላል፤ በተከላካዮች መካከል ወዲያና ወዲህ ሲንከባለል የዋለ ኳስም ይቆጠራልና።

መዘርዘር ለምን እንደሚጠቅም የአርሰናል ደጋፊዎችን ጠይቁ። በነሐሴ 2021 ሚኬል አርቴታ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጨዋታዎች ተሸነፈ፤ አንድ ጎል ሳያገባ 9 ተቆጥሮበት ከሰንጠረዡ ግርጌ ተቀመጠ። «ይሂድ» የሚለው ድምፅ እዚህ ሀዋሳ ድረስ ይሰማ ነበር። ጨዋታዎቹ ሲዘረዘሩ ግን ሁለቱ ተጋጣሚዎች የአውሮፓ ሻምፒዮኑ ቼልሲና የእንግሊዝ ሻምፒዮኑ ማንቸስተር ሲቲ ናቸው፤ በብሬንትፎርድ በተሸነፉበት ጨዋታ ደግሞ ኦባሚያንግና ላካዜት ታመው አልተሰለፉም። ቡድኑ በዓመቱ መጨረሻ 5ኛ ሆነ። ልብ በሉ፣ ዝርዝሩ አርቴታ ጥሩ አሰልጣኝ መሆኑን በነሐሴ አላረጋገጠም። ያረጋገጠው ሦስቱ ጨዋታዎች ለፍርድ እንደማይበቁ ብቻ ነው።

ስለ እኛ ሊግ አንድ ተጨማሪ ዓምድ ያስፈልጋችኋል፤ ጨዋታው የት ተደረገ? ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ፕሪምየር ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ ሲካሄድ ቆይቷል። ሊጉ ሀዋሳ ላይ ሲያርፍ ሀዋሳ ከተማ በሜዳው፣ በደጋፊው ፊት ይጫወታል፤ ድሬዳዋ ወይም ሌላ ከተማ ሲሄድ ደግሞ «ባለሜዳ» ተብሎ እንኳ ጥቂት ሰው በተቀመጠበት ስታዲየም ይጫወታል። ጨዋታዎቹ በጥቂት ቀናት ልዩነት ስለሚደራረቡም አሰልጣኙ ስህተት ለማረም የሚያገኘው የልምምድ ቀን ጥቂት ነው፤ ተጫዋቾቹም ለሳምንታት ከቤታቸው ርቀው ሆቴል ውስጥ ይከርማሉ። እንግሊዝን እያየን በለመድነው ዓይን «በሜዳው እንዴት አቻ ይወጣል» ስንል ሜዳው የማን እንደሆነ መጠየቅ እንረሳለን።

3. ፈርጉሰንን መጥራት ይከልከል

«ፈርጉሰንም እኮ መጀመሪያ ላይ…» ያለ ሰው የሁሉንም ቡና ይክፈል። ታሪኩ እውነት ነው። ፈርጉሰን ማንቸስተር ዩናይትድን በ1986 ተረክቦ 11ኛ፣ 2ኛ፣ 11ኛ፣ 13ኛ ሆኖ ጨርሷል፤ የመጀመሪያ ዋንጫው የ1990ው ኤፍኤ ካፕ ነው፣ ሊጉን ያሸነፈውም በ1993 ነው። ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ጊዜ ተሰጥቷቸው ምንም ያልፈየዱትን አሰልጣኞች ስም ማንም አያስታውስም። የምናስታውሰው የተሳካለትን አንዱን ስለሆነ ትዕግሥት ሁልጊዜ የሚክስ ይመስለናል።

«ይሂድ» ባዮችም የራሳቸው ታሪክ አላቸው። ክሪስታል ፓላስ በ2017 ፍራንክ ደ ቦርን ከአራት የሊግ ጨዋታዎች በኋላ አሰናበተ፤ አራቱንም አንድ ጎል ሳያገባ ተሸንፎ ነበር። የተካው ሮይ ሆጅሰን ቡድኑን 11ኛ አድርጎ ጨረሰ። ጥሩ ማስረጃ ይመስላል። ነገር ግን ሆጅሰንም የመጀመሪያዎቹን ሦስት የሊግ ጨዋታዎች ተሸንፏል፣ እሱም ጎል ሳያገባ። ደ ቦር በአራት ተባረረ፣ ሆጅሰን በሦስት ተታገሡት። እንግዲህ ይህ ታሪክ የማን ነው? እኔ ለሁለቱም ወገን አልሰጥም።

4. አዲስ ሰው ሲመጣ የሚታየውን መሻሻል ተጠራጠሩ

አሰልጣኝ የሚባረረው ቡድኑ ከወትሮው በታች በወረደበት ሰዓት ነው። ከወትሮው በታች የወረደ ነገር ደግሞ ማንም ባይነካውም ብዙ ጊዜ ወደ ወትሮው ይመለሳል። ጉንፋን በያዘው በስድስተኛው ቀን መድኃኒት የጀመረ ሰው በሰባተኛው ቀን ሲሻለው መድኃኒቱን እንደሚያመሰግን እኛም አዲሱን አሰልጣኝ እናመሰግናለን። ባስ ተር ዌል የተባሉ የሆላንድ ተመራማሪ ከ1986 እስከ 2004 ባለው ጊዜ የአገራቸውን የመጀመሪያ ደረጃ ሊግ አጥንተው፣ አሰልጣኝ ያሰናበቱ ክለቦችን እንደነሱ ወርደው ሳያሰናብቱ ከቀሩት ጋር አነጻጽረዋል። ሁለቱም ወገን በተመሳሳይ መልኩ ነው ያገገመው።

5. «ማን ይተካው? ማንስ ይመርጠዋል?» ብላችሁ ጠይቁ

«ይሂድ» ያለ ሰው በዚያው ትንፋሽ የሚተካውን ሰው ስም ይጥራ። ሥራ የሌለው፣ ክለቡ ሊከፍለው የሚችል፣ ይመጣል ተብሎ የሚታመን ሰው መሆን አለበት። ስም ከሌለው ያለው ንዴት እንጂ ሐሳብ አይደለም።

ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ ደግሞ እኛ ደጋፊዎች ከሁሉም አስበልጠን እንዘነጋዋለን። ተተኪውን የሚመርጠው ማን ነው? ያሁኑን የመረጠው ያው ቦርድ ከሆነ፣ ምን ስለተማረ ነው በሚቀጥለው የሚሳካለት? በእኔ እይታ በውድድር መሃል ከሚደረጉ ስንብቶች ብዙዎቹ ቡድኑን ሳይሆን ቦርዱን ለማዳን የሚደረጉ ናቸው፤ የደጋፊው ጩኸት አንድ ሰው ሲገበርለት ይበርዳል፣ ሰባት የመስመር ተጫዋች አስፈርሞ አንድ ተከላካይ የረሳው ሰው ግን ወንበሩ ላይ ይቀራል። የአብዛኞቹ ክለቦቻችን በጀት የሚመጣው ከመንግሥትና ከከተማ አስተዳደር እንደመሆኑ፣ ውሉ ሳያልቅ ለሚሰናበት አሰልጣኝ የሚከፈለው ካሣም ከሕዝብ ኪስ ነው።

ይህ ማለት መቀየር ሁልጊዜ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። በቅዱስ ጊዮርጊስ አሰልጣኝ ዘሪሁን ሸንገታ ከምክትልነት ወደ ዋናው ወንበር መጥተው የ2014 እና የ2015 ዋንጫዎችን አንስተዋል። ስለዚህ ተተኪ ስትፈልጉ ተጫዋቾቹን አስቀድሞ የሚያውቀውን፣ በተጠባባቂ ወንበሩ ጥግ የተቀመጠውን ምክትል ሳታዩት አትለፉ።

6. ቀን ቁረጡ

አሁን እያንዳንዱ ተከራካሪ ሐሳቡን የሚያስቀይረውን ነገር በደብተሩ ላይ ይጻፍ። «ከተሻሻለ» ወይም «ከባሰበት» አይበቃም። «ከሚቀጥሉት ስምንት ጨዋታዎች ከአምስት በሚበልጡት ከተጋጣሚው ያነሰ ግልጽ ዕድል ከፈጠርን ይሂድ እላለሁ» በቂ ነው። «በስምንቱ ውስጥ ከእረፍት በፊት የሚቆጠሩብን ጎሎች በግማሽ ከቀነሱ ይቆይ እላለሁ» የሚለውም እንዲሁ። ቀኑ የደርቢ ማግስት ላይ እንዳይውል ተጠንቀቁ፤ ሀዋሳ ከተማና ሲዳማ ቡና በተጫወቱ ማግስት የሚሰጥ ፍርድ ፍርድ አይደለም። ደብተሩንም የሌላውን ክለብ ለሚደግፍ ወዳጃችሁ አስቀምጡት። አንዲት ፊደል አያስቀይራችሁም።

7. ከጠረጴዛው የሚወገዱ ነገሮች

የአሰልጣኙ የትውልድ ቦታና ቋንቋ አይነሳም። በእኛ አገር የአሰልጣኝ ክርክር ወዴት እንደሚንሸራተት ሁላችንም እናውቃለን፤ አንድ ሰው ወደዚያ ካዘነበለ ወሬው ስለ ኳስ መሆኑ አብቅቷል፣ ሒሳብ ከፍላችሁ ተነሱ። «ተጫዋቾቹ ጠልተውታል» የሚለውም ከልምምድ ሜዳ በሦስተኛ ሰው ጆሮ የደረሰ ከሆነ አይቆጠርም። ከተሸነፋችሁ በዚያው ምሽት አትወስኑ።

8. ውጤቱን ለክለቡ አድርሱ

የተቆረጠው ቀን ደርሶ ደብተሩ ሲከፈት፣ ብዙዎቻችሁ በአንድ ወገን ከተሰባሰባችሁ አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፉ። «ይባረር» ወይም «ይቆይልን» የሚል ብቻ ከሆነ ማንም መልስ የመስጠት ግዴታ አይሰማውም። ከጨዋታዎቹ ዝርዝር ሁለት ሦስት መስመር አስፍሩና የሚመለሱ ጥያቄዎችን አስከትሉ፤ ለአሰልጣኙ የተሰጠው ግብ ምንድን ነው? የሚገመገመው መቼ ነው? ተጫዋች ሲፈርም የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ማን ነው? ደብዳቤውን በደጋፊዎች ማህበር በኩል ማስገባት ይሻላል፤ ማህበሩ ካመነታ ራሳችሁ ወደ ክለቡ ጽሕፈት ቤት ውሰዱት። ሁለት ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ፣ አንዱን ለመዝገብ ቤት ሰጥታችሁ በሌላው ላይ ቀንና ቁጥር ሳታስመቱ አትውጡ።