የሰፈር የክረምት ቡድንን ታሪክ እንዴት መጻፍ ይቻላል? ከድሬዳዋ የተገኘ ልምድ

በድሬዳዋ ክረምት የተማሪ መመለሻ ወቅት ነው። ዓመቱን በየዩኒቨርሲቲውና በየኮሌጁ ተበትነው የከረሙት የሰፈር ልጆች ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ ሻንጣቸውን ይዘው ሲገቡ፣ በከዚራም ሆነ በመጋላ፣ በሳቢያንም ሆነ በለገሃሬ መጀመሪያ ከሚነሡት ጥያቄዎች አንዱ «ዘንድሮ በረኛችን ማን ነው?» የሚለው ነው። በጥቂት ቀናት ውስጥ ኮሚቴ ይመረጣል፣ መዋጮ ይሰበሰባል፣ የአምናው ማሊያ ከተቀመጠበት ወጥቶ ይቆጠራል፣ የጎደለው ይገዛል፤ ሐምሌና ነሐሴ በግጥሚያ ያልፋሉ፤ መስከረም ሲጠባ ደግሞ ቡድኑ ይበተናል። እንዲህ በየዓመቱ እየተሰባሰበ በየዓመቱ የሚበተን ቡድን ጽሕፈት ቤትም ሆነ መዝገብ ቤት ስለሌለው፣ ታሪኩ የሚኖረው በሰዎች ትውስታና በጥቂት ፎቶግራፎች ላይ ብቻ ነው። እኔ የሰፈሬን ቡድን ታሪክ ለማሰባሰብ ሁለት ክረምት ፈጅቶብኛል፤ ሥራውን አሁን ለሚጀምር ሰው መንገዱን ለማሳጠር ይህን ጽፌያለሁ።

ካልሄደው ሰው ይጀምሩ

የመጀመሪያው ስሕተቴ ከታወቁት ተጫዋቾች መጀመሬ ነበር። ጎል አግቢ በአብዛኛው የሚያስታውሰው የራሱን ጎል ነው፤ ከዚህም ሌላ የተማሪ ቡድን ተጫዋች አራት ወይም አምስት ክረምት ተጫውቶ፣ ተመርቆና ሥራ ይዞ ከከተማው ስለሚወጣ፣ ከእርሱ የሚገኘው የታሪኩ አንድ ቁራጭ ነው። የቡድኑን ዕድሜ ከዳር እስከ ዳር የሚያውቀው ያልሄደው ሰው ነው፦ ማሊያውን በከረጢት አሥሮ ከአልጋ ሥር የሚያስቀምጠው፣ ኳስ ሲቀደድ የሚያሰፋው፣ ከባለ ሱቆች መዋጮ የሚጠይቀው፣ ልጆቹ ሳይመጡ በፊት ለምዝገባ የሚሰለፈው ሰው። በእኛ ሰፈር ይህ ሰው ልብስ ሰፊ ነበር፤ አንድም ቀን ለቡድኑ ተሰልፎ አያውቅም፤ ነገር ግን የማሊያውን ቁጥሮች ከጨርቅ ቆርጦ የሚሰፋው እርሱ ስለነበር፣ በየትኛው ክረምት ስንት ማሊያ እንደነበረ፣ ቀለሙ ለምን እንደተለወጠ፣ 10 ቁጥርን ማን ከማን እንደተረከበ በቅደም ተከተል ይዘረዝር ነበር። የቡድኑን የጊዜ አከርካሪ ያገኘሁት ከእርሱ ነው። ስለዚህ በሰፈርዎ ማሊያው በማን ቤት ያድር እንደነበረ በመጠየቅ ይጀምሩ፤ ያንን ቤት ሲያገኙም በዚያው ቤት ማሊያውን ያጥቡ የነበሩትን እናቶችና እኅቶች ሳይጠይቁ አይውጡ፤ የትኛው ግጥሚያ በጭቃ፣ የትኛው በደም እንደተጠናቀቀ ከማንም በተሻለ የሚናገሩት እነርሱ ናቸው።

ጥያቄው የሚቀርብበት መንገድ

ለጭውውት ከሰዓት በኋላ የተሻለ ነው፤ ሙቀቱ ሰውን ከቤት አያስወጣም፣ በርጫ ላይ የተቀመጠ ሰውም ወሬ አይሰስትም። ሆኖም በርጫ ላይ የሚገኘው ወሬ አንድ ጉድለት አለው፦ አንዱ በድምፅ የበረታ ሰው ታሪኩን በአንድ መንገድ ከተናገረ ሌሎቹ በዚያው ይስማማሉ። እኔ ለመንፈቅ ያህል የአምስት ሰዎች ምስክርነት ነው ብዬ የያዝኩት ነገር የአንድ ሰው ምስክርነት ሆኖ ተገኝቷል። በጋራ የተሰማውን እንደ መነሻ ይያዙትና እያንዳንዱን ሰው በኋላ ለብቻው ያግኙት። ድምፅ ከመቅዳትዎ በፊት ፈቃድ ይጠይቁ፤ በቅጂው መጀመሪያም ቀኑን፣ ቦታውንና የተናጋሪውን ስም ራስዎ ይናገሩ፤ ስልክ ውስጥ ስም የሌላቸው 40 ቅጂዎች ሲከማቹ ምን ያህል እንደሚያስቸግሩ ደርሶብኛል።

«በስንት ዓመተ ምሕረት ነበር?» የሚለው ጥያቄ መጀመሪያ ሲቀርብ ሰውን ይዘጋል፤ ወይም ተናጋሪው ላለማሳፈር ሲል አንድ ቁጥር ይሰጥዎታል። ለተማሪ ቡድን ከዚህ የተሻለ መንገድ አለ። ሰው ማትሪክ የወሰደበትን ዓመት፣ የተመደበበትን ተቋምና የተመረቀበትን ዓመት በቀላሉ አይረሳም፤ «ያን ጎል ስታገባ ስንተኛ ዓመት ተማሪ ነበርክ?» ብለው ከጠየቁ ዓመቱን ራስዎ ማስላት ይችላሉ። አንድ አዛውንት «አለማያ እማር ነበር» ካሉዎት የሚናገሩት ስለ ዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ይህ ተቋም ከድሬዳዋ ሩቅ ስላልሆነ የዚያ ኮሌጅ ተማሪዎች በክረምት ብቻ ሳይሆን በዓመቱ መካከልም ለቡድናቸው ብቅ ይሉ እንደነበረ ደጋግሜ ሰምቻለሁ።

ሌላው መያዣ ከተማው በሙሉ የሚያስታውሰው ክስተት ነው። በ1968 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን ስታስተናግድ አንደኛው ምድብ የተጫወተው በድሬዳዋ ስታዲየም ነበር፤ ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ሱዳንና ዛየር ከተማችን ውስጥ ተጋጥመዋል፤ ሞሮኮም ከዚህ ተነሥታ ዋንጫውን ወስዳለች። በዚያ ዘመን ልጅ የነበረ ሰው የራሱን ሰፈር ግጥሚያ ከዚያ በፊት ወይም ከዚያ በኋላ ብሎ ለማስቀመጥ አይቸገርም።

የዘመን አቆጣጠር ጉዳይ

በዚህ ላይ ትንሽ ረዘም ብዬ እቆያለሁ፤ ብዙ የቡድን ታሪኮች የሚበላሹት እዚህ ነው። ድሬዳዋ በምድር ባቡር የተመሠረተች ከተማ በመሆኗ በየቤቱ የሚገኙ አሮጌ ወረቀቶች አንዳንዶቹ በፈረንሳይኛ የተጻፉና በአውሮፓ አቆጣጠር የተመዘገቡ ናቸው፤ በፎቶግራፍ ጀርባ ላይም የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ሳይገለጽ ዓመት ብቻ ተጽፎ ይገኛል። ከመስከረም 1 ቀን እስከ ታኅሣሥ መገባደጃ ድረስ በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለው ልዩነት 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ድረስ 8 ዓመት ነው። ለክረምት ቡድን ይህ መልካም ዜና ነው፤ ግጥሚያዎቹ በሐምሌና በነሐሴ ስለሚካሄዱ ልዩነቱ ምንጊዜም 8 ነው። ችግሩ የሚመጣው የዋንጫው ጨዋታ ዘግይቶ አዲስ ዓመት ሲገባ ነው። በነሐሴ 1985 ዓ.ም. የተጀመረ ውድድር ፍጻሜው መስከረም 1986 ዓ.ም. ቢሆን አንዱ ተጫዋች «የ85 ዋንጫ»፣ ሌላው «የ86 ዋንጫ» ይለዋል፤ በአውሮፓ አቆጣጠር ግን ሁለቱም 1993 ናቸው። እኔ በዚህ ምክንያት አንዱን ዋንጫ ሁለት ጊዜ ቆጥሬ ቡድናችን ያላነሣውን ዋንጫ ጽፌለት ነበር። ሁለት ተከታታይ ዓመታት ላይ ተመሳሳይ ተጋጣሚና ተመሳሳይ ውጤት ካጋጠመዎት፣ መጀመሪያ የሚጠረጥሩት ይህን ይሁን።

የከተማውን ታላላቅ ቡድኖች ታሪክ ለማጣቀስ ሲፈልጉም ያው ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የድሬዳዋ ጥጥ ፋብሪካ ቡድን የኢትዮጵያ ሻምፒዮን የሆነባቸው አምስት ዓመታት በብዙ ሰንጠረዦች ላይ 1960፣ 1962፣ 1963፣ 1965 እና 1983 ተብለው ይገኛሉ፤ እነዚህ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ይህን ያላስተዋለ ጸሐፊ የመጨረሻውን ድል በ1983 ዓ.ም. ደርግ ከወደቀበት ዓመት ጋር ሊያገናኘው ይችላል፤ ድሉ ግን ከዚያ ስምንት ዓመት ገደማ የቀደመ ነው።

ስለ ጥጥ ፋብሪካ ካነሣሁ ዘንድ አንድ ነገር ልጨምር። በ1957 ዓ.ም. አክራ ላይ በተጠናቀቀው የመጀመሪያው የአፍሪካ ሻምፒዮን ክለቦች ዋንጫ ከመጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች አንዱ ይህ የፋብሪካ ቡድን ነበር፤ በግማሽ ፍጻሜው በማሊው ስታድ ማሊያን 3 ለ 1 ተሸንፎ ቀርቷል። ከድሬዳዋ ተነሥቶ እስከዚያ ድረስ የደረሰ ቡድን መኖሩን ብዙ ወጣት አያውቅም፤ ይህ በእውነት ያሳዝነኛል። የሰፈርዎ ቡድን በዚያ ዘመን የነበረ ከሆነ፣ ከፋብሪካው ተጫዋቾች ጋር ሰፈር ተጋርቶ፣ ታኬታ ተውሶ ወይም ልምምድ አይቶ እንደሆነ ይጠይቁ፤ መልሱ ለታሪኩ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ሊሰጥዎት ይችላል።

ወረቀትና ፎቶግራፍ

ወረቀት ጥቂት ነው። የኮሚቴው ቃለ ጉባኤ፣ የመዋጮ ደብተር፣ የማሊያ መግዣ ደረሰኝና ከቀበሌ የተጻፈ የሜዳ ፈቃድ ከተገኘ እንደ ትልቅ ሀብት ይቁጠሩት። የቀበሌ ቁጥሮች በየጊዜው እየተዋሐዱ ስለተለወጡ፣ ማኅተሙ ላይ ያለው ቁጥር ዛሬ በዚያው ቁጥር የሚጠራውን ሰፈር ላያመለክት እንደሚችል ያስቡ። በጋዜጣ በኩል በ1933 ዓ.ም. መታተም የጀመረው «አዲስ ዘመን» የቆዩ ዕትሞቹ አዲስ አበባ ወመዘክር ውስጥ ይገኛሉ፤ የሰፈር ውድድር እዚያ ውስጥ እምብዛም አይገኝም፤ ከሰፈርዎ ወጥቶ ወደ ትልቅ ክለብ የገባ ልጅ ካለ ግን ስሙን ለመፈለግ ጉዞው አያስቆጭም።

ፎቶግራፍ ላይ ይድከሙ። ፎቶውን ከባለቤቱ ቤት አያውጡ፤ እዚያው በመስኮት ብርሃን፣ ብልጭታ ሳይጠቀሙ ፊት ለፊት አንሥተው ይመልሱ። ከአልበም ላይ የተጣበቀውን ለመላጥ አይሞክሩ። የፊቱን ያህል ጀርባውንም ያንሡ፤ የፎቶ ቤቱ ማኅተም ብዙ ጊዜ ያለው እዚያ ነው። ከዚያም በትልቁ ባሳተሙት ቅጂ ላይ እያንዳንዱን ፊት ቁጥር ሰጥተው ለተለያዩ ሰዎች ለየብቻ ያሳዩ፤ ሦስት ሰዎች ሳይመካከሩ የሰጡት ስም ይታመናል። በድሬዳዋ ሰው የሚታወቀው በቅጽል ስሙ ነው፤ ያው ሰው ደግሞ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ሦስት የተለያየ መጠሪያ ሊኖረው ስለሚችል፣ ሦስት ተጫዋች ነው ብለው የመዘገቡት አንድ ሰው ሆኖ እንዳይገኝ ሙሉ ስሙን ከነአባቱ ይያዙ።

ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ ከወንዙ ዳር የነበሩ ቤቶች ከነአልበማቸው ሄደዋል። ፎቶ የለም የሚል መልስ ከእነዚያ ሰፈሮች ሲሰጥዎት ሁለተኛ አይጠይቁ፤ ምናልባት ያ ቤት ያጣው ፎቶ ብቻ አይደለም። ያንኑ የቡድን ፎቶ ሌላ ተጫዋች ይዞት ጅቡቲ፣ አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ሊኖር ይችላልና ፍለጋውን ወደዚያ ያዙሩት።

ክፍት የሆኑ ክረምቶች

ዓመታቱን ደርድረው ሲጨርሱ ባዶ የቀሩ ክረምቶች ይኖራሉ። በይመስለኛል አይሙሏቸው፤ ባዶነታቸው ራሱ ታሪክ ነው። ከታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲና የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ስለተላኩ፣ የዚያ ዓመት ክረምት ቡድን ከየት ሰው ሊያገኝ ይችል እንደነበረ ይጠይቁ። በነሐሴ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ድሬዳዋን ሲያጠቃ ወቅቱ ክረምት ነበር። ከዚያም የቀይ ሽብር ዘመን አለ፤ በፎቶው ላይ ቆሞ የሚታይ ወጣት በቀጣዩ ክረምት ለምን እንደጎደለ ሲጠይቁ የቤተሰቡን ቁስል እየነኩ መሆንዎን ይወቁ። ቅጂ መሣሪያውን ያጥፉ፤ የሚጻፈውንና የማይጻፈውን ቤተሰቡ ይወስን፤ ስሙ እንዲገባ ከፈቀዱ ግን ከተሰለፈበት ቦታ ጋር በሙሉ ስሙ ያስገቡት።

ሁለት ሰዎች በአንድ ግጥሚያ ውጤት ካልተስማሙ ዳኛ አይሁኑ፤ ሁለቱንም ከነተናጋሪው ያስፍሩ። ተጋጣሚውን ሰፈርም ሄደው ይጠይቁ፤ ሽንፈታችንን በትክክል የነገሩኝ እነርሱ ናቸው።

ጽሑፉ ሲያልቅ ከመታተሙ በፊት በክረምት፣ ልጆቹ በተሰበሰቡበት ጊዜ ጮክ ብለው ያንብቡት፤ እርማቱ የሚመጣው ያኔ ነው። ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ገጽ ይስጡ፤ የአሰላለፉ ዝርዝር ያልተሟላበት ገጽ ላይ ክፍት ቦታ ይተዉ፤ ከመጨረሻው ገጽ በኋላም ለሚመጡት ክረምቶች ጥቂት ባዶ ገጾች ያስጠርዙ። የመጀመሪያውን ቅጂ ማሊያው በሚያድርበት ቤት፣ ከማሊያው ጋር ያስቀምጡት።