የኢኮ ቁጥሮች እርስ በርስ ሲጋጩ

አንድ ታካሚ በሳምንት ልዩነት ሁለት ቦታ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ይነሳል። አንዱ ሪፖርት የአኦርቲክ ቫልቩ (ደም ከግራ ልብ ወደ ሰውነት የሚወጣበት በር) መጥበብ "ከባድ ነው" ይላል፣ ሌላው "መካከለኛ"። በሽታው በሳምንት አልቀለለም፤ የተለያየው አለካኩ ነው። ፕሮብ (ደረት ላይ የሚያርፈውን የማሽኑን ክፍል) የምትይዙ ሁሉ ማሽኑን ከመጠርጠራችሁ በፊት እነዚህን እዩ።

ቫልቩ ጠቦ ይታያል፣ ፍጥነቱ ግን ዝቅ ያለ ነው

መጀመሪያ አንግሉን ጠርጥሩ። ዶፕለር (የደሙን ፍጥነት የምንለካበት ዘዴ) ልክ የሚሆነው የድምፅ ሞገዱ ከደሙ ጉዞ ጋር ሲገጥም ነው። 20 ዲግሪ ቢያዘነብል ፍጥነቱ 6 በመቶ ያህል ያንሳል። 30 ዲግሪ ሲሆን 13 በመቶ ይጎድላል። ከቫልቩ በፊትና በኋላ ያለው የግፊት ልዩነት (ግራዲየንት) ደግሞ ፍጥነቱን በራሱ፣ ከዚያ በ4 አባዝተን የምናገኘው ስለሆነ ጉድለቱ ይብሳል። እውነተኛው ፍጥነት በሰከንድ 4.4 ሜትር ከሆነ ከፍተኛው ልዩነት 77 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ነው። በ30 ዲግሪ ግን 3.8 ሜትር ታነባላችሁ፤ ልዩነቱም ወደ 58 ይወርዳል። የከባድ መለያው 4 ሜትር ስለሆነ፣ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ሰው "መካከለኛ" ተብሎ ወደ ቤቱ ሊላክ ይችላል።

የማሽኑን የአንግል ማስተካከያ አትንኩ፤ ልብ ውስጥ ደሙ በየት በኩል እንደሚወረወር ስክሪኑ ላይ በእርግጠኝነት አይታይም። ይልቅ ቦታ ቀይሩ። ታካሚውን በቀኝ ጎኑ አስተኙና ከደረት አጥንቱ በስተቀኝ ፈልጉ። ከአንገት ሥር ካለው ጎድጓዳም ሞክሩ። ምስል የማያወጣው፣ ዶፕለር ብቻ ያለው ትንሹ ፕሮብ ካላችሁ ተጠቀሙበት። ከሁሉም ከፍተኛውን ያዙ፤ ከየት እንዳገኛችሁትም ጻፉ። ግን በሚትራል ቫልቭ (በግራ ልብ የላይኛውና የታችኛው ክፍል መካከል ባለው በር) ወደ ኋላ የሚመለስ ደም እንዳያሳስታችሁ። የእሱ ሞገድ ቀድሞ ይጀምርና ዘግይቶ ያልቃል።

ፍጥነቱ ይስማማል፣ የቫልቩ ስፋት ግን አይስማማም

በእኔ እምነት ከሁሉም የከፋው ጥፋት እዚህ ነው፤ የግራ ልብ መውጫ ዲያሜትር ላይ። የቫልቩን ስፋት የምናሰላው ከዚህ ተነስተን ነው። 2.0 ሴንቲሜትር ከሆነ ስፋቱ 3.14 ካሬ ሴንቲሜትር ነው። 1.8 ብላችሁ ከለካችሁ 2.54 ይሆናል። ሁለት ሚሊሜትር ብቻ ስታችሁ፣ በአንድ ምት ከሚወጣው ደም 19 በመቶው ከስሌቱ ጠፋ። ምስሉን አጉሉት። ልብ በምትኮማተርበት መሃል ላይ አቁሙና ከውስጥ ጠርዝ እስከ ውስጥ ጠርዝ ለኩ። ድገሙት። የቀድሞ ሪፖርት ካለ አስተያዩ፦ የአዋቂ ሰው መውጫ በወራት ውስጥ አይሰፋም፣ አይጠብም።

ቁጥሩ በየምቱ ይለያያል

እኛ አገር የሩማቲክ ልብ ሕመም ሚትራል ቫልቫቸውን ያጠበበባቸው ብዙ ናቸው። ምታቸው የተዛባም አይጠፋም። ቢያንስ 5 ተከታታይ ምት ለክታችሁ አማካዩን ውሰዱ፤ የሚያምረውን መርጦ መጻፍ ታካሚውን መበደል ነው። ልብ በፈጠነ ቁጥር በሚትራል ቫልቩ ላይ ያለው የግፊት ልዩነት ይጨምራል። የልብ ምት ያልተጻፈበት ግራዲየንት ለሐኪሙ ግማሽ መረጃ ነው።

ሞገዱ ከላይ ተቆርጦ ከታች ይወጣል

ፍጥነቱ ከስኬሉ አልፏል። ቤዝላይኑን (የዜሮውን መስመር) አውርዱ ወይም አንሱ፣ ስኬሉን ጨምሩ። ካልበቃ ከፍተኛ ፍጥነት ሳይቆርጥ ወደሚለካው የዶፕለር ዓይነት፣ ወደ ኮንቲንዩስ ዌቭ ቀይሩ።

ሁሉም ልክ ነው፣ አሁንም አይገጥምም

ስፋቱ ከ1 ካሬ ሴንቲሜትር በታች፣ አማካይ ግራዲየንቱ ከ40 ሚሊሜትር ሜርኩሪ በታች ከሆነ፣ ፍሰቱ ራሱ አንሶ ሊሆን ይችላል። የደም ግፊቱን እዚያው ለኩ፤ ከፍ ካለ ከታከመ በኋላ ድገሙ። የልቡ አቅም ከደከመ የልብን መኮማተር በሚያጠነክረው መድኃኒት በዶቡታሚን የሚደረገው ኢኮ ይረዳል። ሲቲ ካለ የቫልቩን ካልሲየም አስለኩ፤ እሱ በፍሰት ማነስ አይዛባም።