ሶሲዮሎጂ ቀላል ነው ያላችሁን አትመኑ

ኢንትሮ ሶሲዮሎጂ፣ ማለትም የማህበረሰብ ጥናት መግቢያው ኮርስ፣ ሰው የሚጥለው ከብዶ አይደለም። ቀላል መስሎ ነው። ቤተሰብ፣ ሃይማኖት፣ ድህነት፣ ሰፈር፤ ይሄንማ እናውቀዋለን እንልና ሃንድአውቱን ለሚድ ፈተና ሁለት ቀን ሲቀረው እንገልጠዋለን። እኔም እንደዛው ነበርኩ። የመጀመሪያው ሚድ ላይ ስለ ልመና አንድ ጥያቄ መጣ። አንድ ገጽ ተኩል ሞላሁና ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ከ10 3 አገኘሁ። ጠርዙ ላይ በቀይ «ይሄ ያንቺ አስተያየት ነው፤ ሶሲዮሎጂው የታለ?» የሚል ተጽፎበታል።

ለካ ልመና ጥሩ ነው መጥፎ ነው ብሎ የጠየቀኝ የለም። የተፈለገው ነገሩን ከአንድ ሰው ጠባይ አውጥቼ ከማህበረሰቡ አሠራር ጋር እንዳያይዘው ነበር። ሲ. ራይት ሚልስ የሚባለው አሜሪካዊ ሶሲዮሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1959 ይሄንኑ በሥራ አጥነት አስረድቶታል። 100 ሺህ ሕዝብ ባለበት ከተማ አንድ ሰው ብቻ ሥራ ከፈታ ሰውየውን እዩት፤ ሙያውን፣ ጠባዩን። 50 ሚሊዮን ሠራተኛ ባለበት አገር 15 ሚሊዮኑ ሥራ ፈት ከሆነ ግን የሁሉንም ጠባይ ስትመረምሩ ብትውሉ መልሱ እዚያ የለም። ይህቺን ምሳሌ ያዟት። ለግማሹ ኮርስ ትሆናችኋለች።

አጠናኑ ላይ እንምጣ። ሃንድአውቱ በእንግሊዝኛ ነው፣ እኛ የምናስበው በአማርኛ ነው፣ ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ነው። ከልቸር ሲል «ባህል» ብለን እናልፋለን፤ ባህል ስንል ደግሞ የሚታየን የሀበሻ ቀሚስና እስክስታ ነው። ሶሲዮሎጂ ውስጥ ግን ሰልፍ ላይ ከፊታችን ካለው ሰው ምን ያህል ተራርቀን እንደምንቆምም ከልቸር ነው። ስታተስን «ደረጃ» ብሎ የያዘ ሰውም ይሳሳታል፤ ሀብትና ሹመት ብቻ ይመስለዋል። ስታተስ በሰው መሃል የያዛችሁት ቦታ ነው፤ ልጅ፣ ተማሪ፣ ጎረቤት፣ ለማኝም ጭምር። ሮል ደግሞ ያንን ቦታ ስለያዛችሁ የሚጠበቅባችሁ ነገር ነው።

ፈተና የሚወደው ደግሞ የሚመሳሰሉትን ነው። ፋይናል ባላችሁ ቀን የጎረቤት ቀብር ቢሆን ተማሪነታችሁና ጎረቤትነታችሁ ተጋጩ፤ ሮል ኮንፍሊክት ነው። ሶስት አሳይመንት በአንድ ቀን አስረክቡ ከተባላችሁ ግን የሚያስጨንቃችሁ አንዱ ተማሪነት ብቻ ነው፤ ሮል ስትሬን ይባላል። ሁለቱን በትርጉም ብቻ የሸመደደ ጓደኛዬ ፈተና ላይ አገላብጦ ጻፋቸው።

ስለዚህ ደብተራችሁን በመስመር ለሁለት ክፈሉት። በግራ ቃሉንና ትርጉሙን በራሳችሁ አማርኛ ጻፉ፤ በቀኝ በዚያው ቀን በዓይናችሁ ያያችሁትን አንድ ነገር ከነቦታው። ከጭንቅላት የተፈጠረ ምሳሌ አይቆጠርም። የፈጠራችሁት ሁልጊዜ ከትርጉሙ ጋር ልክክ ይላል፣ ያያችሁት ግን ያስቸግራል፣ ትምህርቱም ያለው እሱ ላይ ነው።

ለምሳሌ አንድ ቀን ማታ አራት ኪሎ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜያለሁ። ሰልፉ ረዥም ነው። ኢርፎን ያደረገች ልጅ መጥታ መሃል ላይ ገባች። ማንም አልነካትም። አንድ ሽማግሌ ብቻ ጮክ ብለው «ልጄ፣ ሰልፉ ወደዚያ ነው» አሏት። ሁላችንም ዞር አልን። ልጅቷ ኢርፎኗን አወጣች፣ ምንም ሳትል ወደ ኋላ ሄደች። ኖርም እንግዲህ ይሄ ነው፤ የትም አልተጻፈም፣ ሁሉም ያውቀዋል። ኖርም ለጣሰ ወይም ላከበረ ሰው የሚሰጠው ምላሽ ሳንክሽን ይባላል፤ የሽማግሌው ንግግርና የእኛ መዞር ኢንፎርማል ሳንክሽን ነው። ትራፊክ ፖሊስ ቢቀጣ ፎርማል ይሆናል። ተራ አስከባሪውስ? እዚህ ጋ ብዙ አሰብኩ። መልሱን አልነግራችሁም፤ የናንተ ሰልፍ ላይ ቆማችሁ ወስኑ።

ሶስቱን ትልልቅ ቲዎሪዎች (ፈንክሽናሊዝም፣ ኮንፍሊክት ቲዎሪ፣ ሲምቦሊክ ኢንተራክሽኒዝም) ለየብቻ አትሸምድዷቸው። አንድ የምታውቁትን ነገር ምረጡና ሶስቱንም እሱ ላይ ሞክሩ። እኔ የሰፈራችንን እድር ያዝኩ። ፈንክሽናሊስቱ ይመጣና ይሄ ነገር ምን ይሠራል ይላል። ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፣ ወንበርና ሰሃን ይመጣል፣ ሀዘንተኛው ስለ ወጪው ብዙ አይጨነቅም። ሮበርት መርተን የሚባለው ፈንክሽናሊስት ደግሞ አንድ ነገር ይጨምርበታል፤ በግልጽ የታወቀ ፈንክሽን አለ፣ ያልታሰበ ስውር ፈንክሽን አለ። ለኛ ይሄ ምን ይከብዳል? ሰምና ወርቅ በሉት። ሰሙ ቀብር ነው። ወርቁ፣ መዋጮ ሊከፍሉ ሲሰበሰቡ ማን ታመመ፣ ማን ቤት ሊያከራይ ነው፣ የማን ልጅ ሥራ ይፈልጋል የሚለው ሁሉ እዚያው መወራቱ ነው። (አንድ ልዩነት ግን አለ። ቅኔ ውስጥ ወርቁን ባለቅኔው አስቦ ይደብቀዋል፤ የመርተኑን ስውር ፈንክሽን ያሰበው የለም። ይህቺን ፈተና ላይ ጣል ብታደርጓት አትጠሉም።)

የኮንፍሊክት ቲዎሪው ሰውዬ ገና ከበሩ የሚጠይቀው ማን የለም ብሎ ነው። ተከራዩ አባል ነው? መዋጮ ያቃተው ሰው ምን ሆነ? ዳኛውና ገንዘብ ያዡ እነማን ናቸው፣ ጓዳ ወጥ የሚሠሩትስ? ሲምቦሊክ ኢንተራክሽኒስቱ ደግሞ ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ ቁጭ ይልና ያያል። ቀን ሲያለቅሱ የነበሩ ሰዎች ማታ ካርታ ይጫወታሉ። ሀዘኑ አልተሰማቸውም ማለት ነው? አይደለም፤ ቤተሰቡ ብቻውን እንዳያመሽ ነው፣ ካርታው እዚያ ድንኳን ውስጥ ሌላ ትርጉም አለው፣ ይሄንን ትርጉም የሰጠውም ካርታው ሳይሆን ሰዎቹ ናቸው። ሶስቱም አንድ ድንኳን ነው ያዩት። ጥያቄያቸው ተለያየ እንጂ።

ይሄ ከገባችሁ ጥያቄውን ገልብጡት። በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳ ብዙ ነዋሪ ተነስቶ ወደ ሌላ ሰፈር ሲገባ እድሩ ምን ሆነ? ሶስቱ ምን ይሉ ነበር? ለኤሴይ ከዚህ የተሻለ መለማመጃ አላገኘሁም።

የሰዎቹን ስምና ዓመት በተመለከተ ብዙ አትድከሙ፤ ማን ምን ጠየቀ የሚለው ይበቃል። ፈረንሳዊውን ሶሲዮሎጂስት ኤሚል ዱርኬምን ግን አትዝለሉት። እ.ኤ.አ. በ1897 ባሳተመው ጥናቱ ራስን ማጥፋትን ያህል የግል የሚመስል ነገር በቡድን እንደሚለያይ በቁጥር አሳየ፤ ከካቶሊኮች ይልቅ በፕሮቴስታንቶች፣ ካገቡት ይልቅ ባላገቡት ይበዛ ነበር። እሱ ምክንያቱን የፈለገው ሰውን ከሰው በሚያስተሳስረው ገመድ መላላት ውስጥ ነው።

መልስ ስትጽፉ ትርጉሙ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ከዚያ ቲዎሪው፣ ከዚያ ከደብተሩ ቀኝ በኩል ያለው ምሳሌ፣ ከቻላችሁ ምሳሌው ከትርጉሙ የማይገጥምበት ቦታ። «እኔ እንደማስበው» የሚለውን ሰርዙ። ለማንበብ አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ጥሩ ነው፤ በጠዋት ግቡ።

ግሩፕ ወርክ ደግሞ ያው ግሩፕ ወርክ ነው፤ ከአምስቱ ሁለቱ ይሠራሉ። ቃለ መጠይቅ ካለው ግን አንድ ነገር። ሊስትሮውን፣ ጀብሎውን፣ ለማኟን ሳታስፈቅዱ እንዳትቀዱ፣ ፎቶም እንዳታነሱ። ለምን እንደምትጠይቁ በግልጽ ንገሯቸው፣ ስማቸውን አትጻፉ፣ ሥራ በሚበዛባቸው ሰዓት አትሂዱባቸው። እኔ ያነጋገርኳት ጉሊት ቸርቻሪ «ቀን ገበያ አለብኝ፣ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ነይ» አለችኝ። አስራ አንድ ሰዓት ላይ ሄድኩ።