ለልብ ወለድ የሚሆን ጠመንጃ እንዴት ይፈጠራል?

ልብ ወለዳችሁ ውስጥ መሣሪያ ይገባል እንበል። ባለቤቱ አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ግዛት፣ ኦሮራ ከተማ ውስጥ ትንሽ ሱቅ ያለው ሐበሻ ነው። ዘመኑ በፈረንጅ አቆጣጠር 2024። የእውነተኛ ፋብሪካ ስም ከምትጠሩ የራሳችሁን ካርቢን (አጠር ያለ ጠመንጃ) ፍጠሩ። ስህተት ለቃሚ አንባቢ ይቀንስላችኋል።

መጀመሪያ ጥይቱን ምረጡ። 9 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ከ1902 ጀምሮ ያለ የሽጉጥ ጥይት ነው፤ እንደ ልብ ይገኛል። ሰውየው ሽጉጥም ካለው ካዝናው፣ ማለትም ጥይት የሚሞላበት፣ ከሽጉጡ ጋር አንድ ቢሆን ደግሞ ያምራል። እንዲህ ሆነው የሚሠሩ ካርቢኖች አሉ።

ቁመቱን ሕጉ ይወስንላችኋል። በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ የጠመንጃ አፈሙዝ ከ16 ኢንች ካነሰ ልዩ ምዝገባ ይጠይቃል። ይህ ከ40 ሴንቲ ሜትር ትንሽ ያልፋል። ስለዚህ «ኪሱ ከተተው» ብሎ ነገር የለም። የግድ ይጠር ካላችሁ እንደ ኬል-ቴክ ሰብ-2000 ይታጠፍ፤ አለዚያ እንደ ሩገር ፒሲ ካርቢን ለሁለት ይፈታ።

ከዚያ አተኳኮሱ። ከፊል አውቶማቲክ ነው። ምላጩ አንዴ ሲሳብ አንድ ጥይት ይወጣል፤ ቀጣዩን ራሱ ይጎርሳል። ገጸ ባህሪው በየጥይቱ መሃል አያቀባብልም። «ታታታታ» የሚል ተኩስም አይጻፍ። ኮሎራዶ ከ2013 ወዲህ ከ15 ጥይት በላይ የሚይዝ ካዝና እንዳይሸጥ ከልክላለች፤ ስለዚህ እየቆጠራችሁ ጻፉ። ደግሞ በተዘጋ ሱቅ ውስጥ ከተተኮሰ በኋላ ሹክሹክታ የሚሰማ ጆሮ የለም። ንግግሩን ትንሽ አዘግዩት።

እኔን የሚያጓጓኝ ግን ከብረቱ ይልቅ እንዴት እንደሚገዛ ነው። ከኦክቶበር 2023 ጀምሮ ኮሎራዶ ውስጥ ገዢ መሣሪያውን ለመረከብ ቢያንስ ሦስት ቀን ይጠብቃል። ትናንት ማታ የተዘረፈ ሰው ዛሬ ከፍሎ ባዶ እጁን ቤቱ ይገባል። እነዚያን ሌሊቶች እንዴት ያድራል? ለሚስቱስ ነግሯታል? ከተኩሱ ይልቅ እዚህ ላይ ገጽ አታሳጥሩ። ልጅ ካለው ደግሞ ከ2021 ወዲህ ያለው ሕግ መሣሪያውን እንዲቆልፍበት ያስገድደዋል። ቁልፉ የት እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚያውቅ ቀድማችሁ ወስኑ። ሌሊት በሩ ሲደበደብ ሰውየው መጀመሪያ የሚፈልገው ቁልፉን ነው።

ስሙን መጨረሻ ላይ አውጡለት። አጭር ቃልና ቁጥር ይበቃል። ከዚያ ጎግል አድርጉት፤ የእውነት መሣሪያ ከመጣባችሁ ቀይሩት።