ኮምባይነር ተከራይቶ ስንዴ ማሳጨድ፦ ጥቂት ጥማድ ላለው ገበሬ

በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአርሲ፣ በጭላሎ አውራጃ ትራክተርና ኮምባይነር ሲስፋፋ፣ ባለርስቶች ብዙ ጭሰኞችን እያስለቀቁ መሬቱን በማሽን ማረስ ያዙ። ዛሬ በአርሲና በባሌ መሬቱ የገበሬው ይዞታ ነው፤ ሁለት ጥማድ ስንዴ ያለውም ኮምባይነር ይከራያል። ማሽኑ የደረሰ ሰብልን ካለወቅቱ ከሚጥል ዝናብ ያተርፋል። ፍሬው፣ ጭዱና የዘሩ ጥራት ግን በዚያው ቀን ከድሃው እጅ ሊያመልጡ ይችላሉ።

ፍሬው በጥርስ ሲነከስ ቀጭ ብሎ ካልተሰበረ አታሳጭዱ። ጤዛው ሳይደርቅም ማሽኑን አታስገቡ፤ እርጥብ ዛላ በደንብ ስለማይወቃ ፍሬው ከጭዱ ጋር ይወጣል፣ ጆንያ ውስጥ የገባውም ይሞቅና ይሻግታል።

ኮምባይነሩ ከሌላ ማሳ የሲናርና የሙጃ አረም ዘር ይዞ ይመጣል። ወደ ማሳችሁ ሳይገባ ዳር ላይ ቆሞ ጥቂት ደቂቃ ባዶውን ይሥራ፤ የእህል ማጠራቀሚያውና ወንፊቱ ይጠረጉ። እንዲያም ሆኖ መጀመሪያ የወጣውን አንድ ሁለት ኩንታል ለምግብ እንጂ ለዘር አታስቀምጡ። አንዴ የገባ ሲናር ለዓመታት የአረም ወጪ ያስከትላል።

ሃያ ሜትር ያህል እንዳጨደ አስቁሙት። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ የእንጨት ክፈፍ ከማሽኑ በስተኋላ መሐል ላይ፣ ከዚያም በግራና በቀኝ አስቀምጡ፤ ጭዱን አንስታችሁ የወደቀውን ፍሬ ቁጠሩና አማካዩን ያዙ። መሐሉን ብቻ መቁጠር ያሳስታል፤ ጭዱም ፍሬውም እዚያ ይከማቻልና። ሳይታጨድ የረገፈውን ካልታጨደው ክፍል ቆጥራችሁ ቀንሱ። የአንድ ሺህ ፍሬ ክብደት 40 ግራም ከሆነ፣ በካሬ ሜትር 250 ፍሬ ማለት በሄክታር አንድ ኩንታል ጠፋ ማለት ነው። ባዶ መሆን የነበረበት ዛላ ፍሬ ይዞ ከወጣ የመውቂያው ከበሮ በዝግታ እየዞረ ነው ወይም ከሥሩ ያለው ክፍተት ሰፍቷል። ጆንያው ውስጥ የተሰበረ ፍሬ ከበዛ ከበሮው ፈጥኗል። የተወቃ ፍሬ ከጭዱ ጋር ከተበተነ ማራገቢያው በርትቷል፣ ወይም ሾፌሩ እየቸኮለ ነው። ክፍያ በኩንታል ሲሆን ሾፌሩ ቶሎ ጨርሶ ወደ ሌላ ማሳ መሄዱ ያዋጣዋል፤ ስለዚህ ፍጥነቱን ከዋጋው ጋር አብራችሁ ተዋዋሉ።

ስለ ጭዱም ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ዝቅ ብሎ ማጨድ ሥራውን ያዘገያል፤ በሬ ላለው ግን ያ ጭድ የበጋ መኖ ነው። ማሽኑ የጭድ መክተፊያ ካለው ይዘጋ።

በአጨዳና በውቂያ የቀን ሥራ ይኖሩ የነበሩ ሴቶችና መሬት አልባ ወጣቶች ማሽኑ ሲገባ ገቢያቸው ይቀራል። ከብት ከመለቀቁ በፊት ማሳውን ለቃርሚያ ክፈቱላቸው፤ ማሽኑ እየሠራ ግን ማንም ከኋላው አይከተል።