በሆስፒታላችሁ የፓሊየቲቭ ኬር ሥልጠና እንዴት ይጀመራል?

ፓሊየቲቭ ኬር ማለት በከባድ በሽታ የተያዘን ሰው ሥቃይ የማስታገስ እንክብካቤ ነው። ለሥልጠናው መጀመሪያ ወደ ፋርማሲ ሂዱ። በአፍ የሚወሰድ ሞርፊን፣ ማለትም ጠንካራው የህመም ማስታገሻ፣ ከሌለ የሥልጠና ቀን አትቁረጡ። ነርሷ ተምራ ወደ ዋርድ ስትመለስ መድኃኒቱን ካጣችው ትምህርቱ ወረቀት ላይ ይቀራል። ፋርማሲስቱንም አብራችሁ አሠልጥኑ፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው እሱ ነው።

ሠልጣኞችን ከካንሰር ክፍል ብቻ አትምረጡ። ልቡ የደከመ፣ ኩላሊቱ ሥራ ያቆመ ሰውም ይሰቃያል። ለነርሶች ሰፊ ቦታ ስጡ፤ ሌሊቱን ከታማሚው ጋር የሚያድሩት እነሱ ናቸው። ኡጋንዳ ውስጥ ልዩ ሥልጠና የወሰዱ ነርሶች እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ሞርፊን ያዛሉ። ማስተማሪያውን ከዜሮ አትጻፉ፤ የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ብሔራዊ መመሪያ አለ።

ከባዱ ነገር ሞርፊን ነው። ባለሙያው ራሱ ይፈራዋል። «ሱስ ያስይዛል»፣ «ትንፋሽ ያቆማል»፣ «ሞርፊን ከታዘዘማ አለቀለት» ይላል። ይህ ፍርሃት በስላይድ አይለቅም። ስሌት አሠሯቸው። ታማሚዋ በየ4 ሰዓቱ 5 ሚሊግራም ትወስዳለች፤ በቀን 30 ነው። በመሃል ህመሙ ሲነሳባት ሦስት ጊዜ አምስት አምስት ተጨመረላት። ድምሩ 45። ስለዚህ ከነገ ጀምሮ በየ4 ሰዓቱ 7.5 ሚሊግራም ይታዘዝላታል። ሠልጣኙ ይህን በእጁ ሲያሰላ መጠኑ በጭፍን እንደማይጨመር ያያል።

ሁለት ነገር ደጋግማችሁ ንገሯቸው። የማያቋርጥ ህመም ያለበት ሰው መድኃኒቱን በሰዓቱ ይወስዳል እንጂ እስኪጮህ አይጠበቅም። ከሞርፊን ጋር ደግሞ የሆድ ድርቀት መድኃኒት አብሮ ይታዘዛል። ይህ ተረስቶ ታማሚዎች በድርቀት ተሰቃይተው ሞርፊኑን ሲተዉ አይቻለሁ። ኩላሊቱ ለታመመ መጠኑ ይቀንሳል፣ ሰዓቱም ይራራቃል።

ቀጥሎ ንግግር። ቤተሰብ ኮሪደር ላይ ይጠብቅና «እባክሽ ሲስተር፣ ለእሱ እንዳትነግሪው» ይላል። ይህን በድራማ አለማምዱ፤ አንዱ ልጅ፣ አንዱ ታማሚ፣ አንዷ ነርስ ይሁኑ። ከቤተሰብ ጋር መከራከር አያዋጣም። «ምን ፈርታችሁ ነው?» ብሎ መስማት ይሻላል። ከዚያ ታማሚውን «ስለ ህመምዎ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ?» ብሎ መጠየቅ። ብዙ ጊዜ እሱ ቀድሞ ገብቶታል። ለዚህ ቢያንስ ግማሽ ቀን ስጡ።

ወርክሾፕ ብቻውን አይበቃም። ሠልጣኙ የመጀመሪያ ሞርፊኑን ሲያዝ አጠገቡ የሚቆም ልምድ ያለው ሰው መድቡ። ከወር በኋላ ዋርድ ገብታችሁ ካርዶቹን ግለጡ። ከ0 እስከ 10 ያለው የህመም ነጥብ ካልተጻፈ፣ እዚያው አልጋው አጠገብ እንደገና አስተምሩ።