የልጆች ማዮፒያ፦ ወላጆች የሚሳሳቱባቸው ነገሮች

ቅርብ ያለው ጥርት ብሎ የሚታየው፣ ሩቅ ያለው ግን የሚደበዝዝበት ልጅ እየበዛ ነው። የዓይን ሐኪሞች ማዮፒያ ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት በ2000 ችግሩ የነበረባቸውን ሰዎች 1.4 ቢሊዮን ገደማ አድርሷቸዋል። በ2050 ደግሞ ወደ 5 ቢሊዮን ይጠጋሉ ይላል፤ ከዓለም ሕዝብ ግማሹ ማለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዓይን ኳስ ከሚገባው በላይ ወደ ኋላ ይረዝማል። ብርሃን ሬቲና ላይ፣ ማለትም ከዓይን በስተኋላ ብርሃን በሚቀበለው ስስ ሽፋን ላይ፣ ማረፍ ሲገባው፣ ሳይደርስ ከፊቱ ይሰበሰባል። አንዴ የረዘመ ዓይን ደግሞ ተመልሶ አያጥርም። ብዙዎቹ ስህተቶች የሚመጡት ይህን ካለማወቅ ነው።

«ባይታየው ይነግረን ነበር»

አይነግራችሁም። ለሁሉም ሰው እንደዚሁ የሚደበዝዝ ይመስለዋል። ዓይኑን እያጨነቆረ የሚያይ፣ ቴሌቪዥን ሥር ካልተቀመጠ የማይሆንለት፣ ከሰሌዳው ትቶ ከጓደኛው ደብተር የሚገለብጥ ልጅ ካለ ጠርጥሩ። አንድ ዓይኑ ብቻ ከሆነ የደከመው ደግሞ ጤነኛው ይሸፍንለታል። አንዱን በእጅ ጋርዳችሁ ሩቅ ያለ ጽሑፍ አስነብቡት፣ ከዚያ ሌላውን። ምርመራን አይተካም፤ ወደ ሐኪም ለመሄድ ግን በቂ ምክንያት ይሰጣችኋል።

«መነጽር ዓይን ያሰንፋል»

ይህ ሥር የሰደደ እምነት ነው፤ ከየት እንደመጣም ይገባኛል። ልጁ መነጽር ያደርጋል፣ በዓመቱ ቁጥሩ ይጨምራል፣ ጥፋቱ መነጽሩ ላይ ይለጠፋል። ግን ጫማ የልጅን እግር አያሳድግም። ልጁ ሲያድግ ዓይኑም እየረዘመ ነው፤ መነጽሩ ባይኖርም ይረዝም ነበር።

ከዚህ የባሰው «ዓይኑ እንዲለማመድ» ተብሎ ሆን ተብሎ ቁጥሩ የተቀነሰ መነጽር መስጠት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በማሌዥያ የተደረገ ጥናት ይህን ፈትሾታል። የተቀነሰ መነጽር የተሰጣቸው ልጆች ማዮፒያቸው የባሰው ሙሉ ቁጥር ከተሰጣቸው ፈጥኖ ነው። በሐኪም የታዘዘውን ቁጥር በራሳችሁ አትቀንሱ። «ለትምህርት ቤት ብቻ አድርገው» ማለትም መፍትሔ አይደለም።

ስልክን ብቻ መውቀስ

ስልክና ታብሌት ነጻ ናቸው እያልኩ አይደለም። ለረጅም ሰዓት ቅርብ ነገር ላይ ማፍጠጥ ከማዮፒያ ጋር ይያያዛል፤ መጽሐፍም ቢሆን። ግን ስልኩን ነጥቆ ልጁን ቤት ውስጥ መጽሐፍ ላይ ማስቀመጥ የነገሩን ግማሽ ይስታል። የጎደለው የቀን ብርሃን ነው።

ቤት ውስጥ ያለው ብርሃን አብዛኛውን ጊዜ ከ500 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) አይበልጥም። ውጭ፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ ሳይሆን እንዲሁ በቀን፣ 10,000 ሉክስና ከዚያ በላይ ይደርሳል። ጥላ ሥር እንኳ ከቤት ውስጥ ይበልጣል። ደማቅ ብርሃን ሬቲና ዶፓሚን የሚባል ኬሚካል እንዲያመነጭ ያደርጋል፤ ይህም የዓይንን መርዘም እንደሚገታ ይታመናል።

በቻይናዋ ጓንጁ ከተማ የአንደኛ ክፍል ልጆች በየትምህርት ቀኑ 40 ደቂቃ ተጨማሪ የውጭ ጊዜ ተሰጣቸው። ከሦስት ዓመት በኋላ ከእነሱ መካከል ማዮፒያ የያዛቸው 30 በመቶ ገደማ ሲሆኑ፣ ካልተሰጣቸው ልጆች ግን 40 በመቶ ገደማ ነበሩ። ታይዋንም እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ትምህርት ቤቶች ልጆችን በቀን ለ120 ደቂቃ ውጭ እንዲያወጡ ገፋፋች፤ ከዓመት ዓመት እየባሰ የመጣው የተማሪዎች እይታም መሻሻል ጀመረ። ተቃራኒው የታየው እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ጊዜ፣ ልጆች ቤት ሲውሉ ነው። በአንድ የቻይና አካባቢ በተደረገ ምርመራ፣ ቀድሞ ከ6 በመቶ በታች የነበረው የ6 ዓመት ልጆች ማዮፒያ ከ21 በመቶ በላይ ሆኖ ተገኘ።

ስለዚህ በቀን ሁለት ሰዓት ውጭ ይዋል። ኳስ ይጫወት፣ ይሩጥ፣ ቁጭ ብሎ ያውራ፤ ምን እንደሚሠራ ብዙም ለውጥ የለውም። ባርኔጣ ቢያደርግ ችግር የለውም። ሲያነብ ደግሞ መጽሐፉን ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ያርቀው፣ በየ20 ደቂቃውም ቀና ብሎ ሩቅ ይይ።

ያለ ጠብታ መለካት

የልጅ ዓይን ጡንቻ ቅርብ ለማየት የሚሳበው በቀላሉ ነው። በምርመራ ጊዜም እንዲሁ ይሳባል፤ ያኔ ማሽኑ የሌለ ማዮፒያ ያሳያል ወይም ቁጥሩን ያጋንናል። ጡንቻውን የሚያዝናናው ጠብታ ገብቶለት ቢለካ ይሻላል። ለጥቂት ሰዓት ብርሃን ይወጋዋል፣ ቅርቡ ይደበዝዝበታል፤ ከዚያ ይለቀዋል።

ካሮት፣ የዓይን ስፖርት፣ ሰማያዊ ብርሃን የሚከለክል መነጽር

ካሮት ጥሩ ምግብ ነው፤ የረዘመ ዓይን ግን አያሳጥርም። የቀሩትም ማዮፒያን ያቆማሉ የሚያሰኝ አስተማማኝ ማስረጃ የላቸውም። ገንዘባችሁን ለምርመራ አስቀምጡት።

«ቁጥሩ ከጨመረ መነጽር ይቀየራል፣ በቃ»

መነጽር እይታውን ያስተካክላል እንጂ መርዘሙን አያስቆምም። ቁጥሩ ከማይነስ 6 ሲያልፍ የሬቲና መላቀቅ፣ የዓይን ነርቭን የሚጎዳው ግላኮማና የሬቲና መሃል ጉዳት ስጋቱ ከፍ ይላል። እነዚህ ደግሞ በመነጽር አይመለሱም። ማዮፒያ በ7 ዓመቱ የጀመረው ልጅ በ13 ከጀመረው ይልቅ ወደዚያ የመድረስ ዕድሉ ሰፊ ነው፤ የሚረዝምበት ብዙ ዓመት አለውና።

ዛሬ ፍጥነቱን መቀነስ ይቻላል። መጠኑ አነስተኛ የሆነ የአትሮፒን ጠብታ አለ። ለዚሁ የተሠሩ የመነጽርና የኮንታክት ሌንሶችም አሉ። ሌሊት ተደርጎ ጠዋት የሚወጣ ጠንካራ ሌንስም አለ፤ ይኼኛው ንጽህናው ካልተጠበቀ ዓይንን ክፉኛ ሊያመረቅዝ ስለሚችል ጥንቃቄ ይፈልጋል። የትኛው ለልጃችሁ እንደሚስማማ የሚወስነው የዓይን ሐኪሙ ነው። ቁጥሩ ከፍ እስኪል ሳትጠብቁ፣ የመጀመሪያው መነጽር በታዘዘበት ቀን ጠይቁት።